ጥርሱ ገጠመ፣ ልኩ አልገጠመም

ሌንስ ከአንድ ካሜራ ተፈትቶ በሌላ ካሜራ ላይ ሲገጠም የሚያይ ሰው ነገሩ የብሎንና የጥርስ ብቻ ይመስለዋል፤ ጥርሱ ጥርሱን ከያዘ፣ ቀለበቱም ሳይነቃነቅ በመቀመጫው ካረፈ፣ ሥራው በዚሁ የተፈጸመ አድርጎ ይቈጥረዋል። እኔም በጕልምስናዬ እንዲሁ ይመስለኝ ስለ ነበር፣ ኢንዱስታር-50 የተባለውን የሩሲያ ሌንስ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዝቼ፣ ያችው አገር በሠራችው በዞርኪ ካሜራዬ ላይ ብገጥመው አንዳች ሳያንገራግር ገባልኝና፣ በሰንበት ቀን አንድ ጥቅል ፊልም በሙሉ በቤተ ዘመድ ላይ ጨረስሁበት። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ግን ከ36ቱ ሥዕል አንዱ እንኳ አጎቴን ከአክስቴ ለይቶ የሚያሳይ አልተገኘም። ነጋዴውን አምርሬ ረገምሁት፤ ኋላ ስረዳው ግን በደለኛው ነጋዴው ሳይሆን በሌንሱና በፊልሙ መካከል የጎደለ 16.4 ሚሊሜትር ባዶ አየር ኖሯል። የዚህን አየር ታሪክ ነው ከሥሩ ጀምሬ የምተርከው፤ ዓመታቱንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር አኖራለሁ።

ፎቶግራፍ በ1839 በፓሪስ ለዓለም ከተገለጠ በኋላ፣ ባለ ሥዕሎቹ ከሁሉ አስቀድሞ የተቸገሩት በብርሃን ማነስ ነበርና፣ በቪየና የሚያስተምረው የሒሳብ ሊቅ ዮሴፍ ፔትስቫል በ1840 ለሰው መልክ ማንሻ የሚሆን፣ ከቀድሞዎቹ እጅግ የሚበልጥ ብርሃን የሚያስገባ ሌንስ በቀመር አውጥቶ ለፎክትሌንደር ቤት ሰጠ። ያን ሌንስና ከእርሱም በኋላ የመጡትን የሚይዘው ካሜራ ከእንጨት የተበጀ ሣጥን ሲሆን፣ ከፊቱ የምትነቀል ቀጭን ሳንቃ ነበረችው፤ ባለ ሥዕሉ አዲስ ሌንስ ባገኘ ቍጥር ሌላ ሳንቃ ያስበሳና የናሱን ቀለበት በብሎን ያስመታበታል። ርቀቱም አላስጨነቀውም፤ ሣጥኑ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚዘረጋና የሚታጠፍ ስለ ነበረ፣ ጥቁር ጨርቁን ተከናንቦ በኋለኛው ደብዛዛ ብርጭቆ ላይ ምስሉ ጠርቶ እስኪታየው ድረስ ያስረዝመዋል ወይም ያሳጥረዋል። በዚያ ዘመን የለንደን ሌንስ በፓሪስ ሣጥን፣ የፓሪሱም በቪየናው ላይ ሲገባ ማንም እንደ ብልሃት አይቈጥረውም ነበር፤ ስም እንኳ አልወጣለትም።

ይህን አርነት የነጠቀው የካሜራው ማነስ ነው። ቬትስላር በምትባል የጀርመን ከተማ፣ በማይክሮስኮፕ ሥራ ስሙ በተጠራው በላይትስ ፋብሪካ ውስጥ፣ ኦስካር ባርናክ የተባለ መካኒክ ይሠራ ነበር፤ አስም ደረቱን ይዞት ስለ ነበር ከባዱን የእንጨት ካሜራ ከነብርጭቆ ሰሌዳው ተሸክሞ መውጣት መውረድ ቢያቅተው፣ ለሲኒማ የሚያገለግለውን ፊልም አግድም አስኪዶ 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነች ሥዕል የምታነሣ፣ በኪስ የምትገባ ካሜራ በ1914 ግድም ለራሱ ሠራ። የዓለም ጦርነቱና ከጦርነቱም በኋላ የመጣው የገንዘብ መርከስ አዘግይቷት፣ ላይካ ተብላ በላይፕሲግ ትርኢት ለሕዝብ የቀረበችው በ1925 ነው። ሌንሷን የቀመረው የዚያው ፋብሪካ ሊቅ ማክስ ቤሬክ ሲሆን፣ ሌንሱ ከአካሏ ጋር የተዋሐደ፣ በደንበኛው እጅ የማይለይ ነበር።

በ1930 ላይትስ ሌንሷ የሚፈታ ላይካ አወጣ። የቀለበቱ ስፋት 39 ሚሊሜትር ሲሆን ጥርሱ በአንድ ኢንች ውስጥ 26 ነው፤ በሜትር በምትለካ አገር የተሠራ ዕቃ ስፋቱ በሚሊሜትር፣ ጥርሱ ግን በእንግሊዝ ኢንች መሆኑ የማይክሮስኮፕ ሠሪዎች የቈየ ልማድ ቅሪት ነው። ጥርሱ እንዲህ አንድ ሲሆን ርቀቱ ግን ገና አንድ አልነበረም። ካሜራዎቹ እርስ በርሳቸው በፀጕር ያህል ይለያዩ ነበርና፣ ለአንዲቱ የተስተካከለው ሌንስ በሌላዪቱ ላይ ሲገባ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ፋብሪካው እያንዳንዱን ሌንስ በአንዲት በታወቀች ካሜራ ልክ ሞርዶ፣ የዚያችኑ ካሜራ ተራ ቍጥር መጨረሻ ሦስት አኃዞች በሌንሱ ላይ ይቀርጽበት ነበር። ሌንስና ካሜራ በተክሊል እንደ ተጋቡ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ከሌላው ቢለይ ለማንም አይሆንም።

በ1931 ግን ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ገጽ ያለው ርቀት ለሁሉም ካሜራ 28.8 ሚሊሜትር እንዲሆን ተወሰነና፣ በዚህ ልክ የተሠራው ሁሉ በቀለበቱ ላይ የዜሮ ምልክት ተመታበት። እንደ እኔ ግምት፣ ቬትስላር ከዚያ ወዲያ ካወጣቻቸው ሌንሶች ሁሉ ያች ዜሮ ትበልጣለች። ሌንስ ከአድማስ የመጣውን ብርሃን አሰባስቦ ጥርት ያለ ምስል የሚያደርገው ከራሱ በኋላ በአንድ በተወሰነ ስፍራ ብቻ ነውና፣ ያ ስፍራ በአኃዝ ከታወቀ፣ ቶርኖና መለኪያ ያለው ሰው ሁሉ በዓለም ዳርቻም ቢሆን ለላይካ የሚሆን ሌንስ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ላይትስ የራሱን ቤት ሥርዓት ያስያዘ መስሎት ለጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፈተ።

ከዚህ የሚከተል አንድ ሕግ አለ፤ ቀሪው ታሪክ ሁሉ በእርሱ ላይ ስለሚዞር አስቀድሜ ልናገረው። ሌንሱ ለረጅም ርቀት የተሠራ፣ ካሜራው ግን አጭር የሆነ እንደ ሆነ፣ የጎደለውን ያህል ርዝመት ያለው ባዶ ቱቦ በመካከል ይገባና ነገሩ ይስተካከላል። ሌንሱ ለአጭር ርቀት የተሠራ፣ ካሜራው ረጅም የሆነ እንደ ሆነ ግን፣ ሌንሱ ወደ ካሜራው ሆድ ጠልቆ ካልገባ በቀር ተራራውንና አድማሱን ከቶ አያይም፤ የሚያየው ከአፍንጫው ሥር ያለውን አበባና ጉንዳን ብቻ ይሆናል። የጎደለ ይሞላል እንጂ የተረፈ አይቈረጥም።

ዜሮዋ ከተመታች ከሦስት ዓመት ግድም በኋላ፣ በ1934፣ በሶቪየት ኅብረት በካርኮቭ ከተማ፣ ወላጅ አልባ ልጆች እየሠሩ በሚማሩበት ማኅበር ውስጥ የላይካ ግልባጭ የሆነችው ፌድ ትወጣ ጀመር፤ ስሟም ማኅበሩ የተሰየመበት የፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ድዘርዢንስኪ የስም መነሻ ፊደላት ነው። ግልባጩ ግን ጥርሱን ገለበጠ እንጂ ልኩን አልገለበጠም፤ የመጀመሪያዎቹ ፌዶች ርቀታቸው በ1930 እንደ ወጡት ላይካዎች ከአንዱ አንዱ ይለያይ ስለ ነበር፣ የአንዱ ሌንስ ለሌላው አይሆንም ነበር። በጃፓንም ካኖን የመጀመሪያ ካሜራውን በ1936 ሲያወጣ፣ ሌንስ የመሥራት ልምድ ስላልነበረው ሌንሱን የሠራለት ኒፖን ኮጋኩ ነው፤ ይኸውም ዛሬ ኒኮን የምንለው፣ ኋላ ባላጋራው የሆነው ቤት መሆኑ ነው።

የላይትስ እውነተኛ ተቀናቃኝ ግን በዚያው በጀርመን ነበረ። በ1932 ዛይስ ኢኮን በድሬስደን ኮንታክስን አወጣ፤ ሌንሷም በጥርስ የሚጠመዘዝ ሳይሆን እንደ ጠመንጃ ሳንጃ ገብቶ ጥቂት ሲዞር ቀጭ የሚል ነበር፤ ባዮኔት የሚባለውም ስለዚህ ነው። ከእርስዋ ጋር የመጣው የሉድቪግ ቤርቴሌ ሥራ የሆነው ሶናር ሌንስ በዘመኑ ወደር አልነበረውም። በዚያን ጊዜ የብርጭቆን ነጸብራቅ የሚያጠፋ ቅብ ገና ስላልነበረ፣ ብርጭቆና አየር የሚገናኙበት ገጽ በበዛ ቍጥር ብርሃኑ ወዲያና ወዲህ እየተንጸባረቀ ምስሉን ጉም ያለብሰዋል፤ ቤርቴሌ ግን ብርጭቆዎቹን አጣብቆ በሦስት ክፍል ብቻ ስላደረጋቸው፣ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ሆኖ ሳለ ምስሉ የጠራ ሆነ። የላይካ ባለቤቶች በሶናር ቀኑ፤ ባዮኔቱ ግን ከለከላቸው።

መከልከሉን ያፈረሰው የጦርነት ፍጻሜ ነው። በ1945 ጀርመን ስትሸነፍ የአሜሪካ ሠራዊት ዬና በተባለችው የጀርመን ከተማ የነበሩትን የዛይስ ሊቃውንት ሩሲያውያን ሳይደርሱ ወደ ምዕራብ ይዟቸው ሄደ፤ ሩሲያውያኑም በፈንታቸው የኮንታክስን መሣሪያ ወደ ኪየቭ አጓዙና ኮንታክስ ኪየቭ በሚል ስም ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዳግም ተወለደች። በሞስኮ አቅራቢያ ባለው በክራስኖጎርስክ ፋብሪካም የሶናር ቀመር ዩፒተር የሚል ስም ወጣለት፤ መጀመሪያ ከጀርመን በተማረከ ብርጭቆ፣ ኋላም ከአገሬው በተቀለጠ ተሠራ። የሚደንቀው ይህ ነው፤ ያው ፋብሪካ ዩፒተርን ለኪየቭ በሚሆን ባዮኔት ብቻ ሳይሆን፣ ዞርኪ ለምትባለው የላይካ ግልባጭ በሚሆን 39 ሚሊሜትር ጥርስም አወጣው። የዛይስ ሌንስ በቬትስላር ካሜራ ላይ፣ ያውም በሞስኮ እጅ፣ በሰላም ተቀመጠ። ሁለቱ የጀርመን ቤቶች 13 ዓመት ሙሉ አጥር ለአጥር የተያዩበትን ጉዳይ አንድ ሦስተኛ ወገን ያለ ሽምግልና ጨረሰው።

ከዚያም ታሪኩ ወደ ምሥራቅ ይሻገራል። በ1950 ዴቪድ ዳግላስ ዳንካን የተባለ፣ ላይፍ ለተሰኘው የአሜሪካ መጽሔት የሚሠራ ፎቶግራፈር በቶኪዮ ሳለ፣ ጁን ሚኪ የተባለ ጃፓናዊ ወጣት የሥራ ባልደረባው ኒፖን ኮጋኩ በሠራው 85 ሚሊሜትር ሌንስ አንድ ጊዜ መልኩን አነሣው። የጃፓን ዕቃ ማለት በዚያን ጊዜ ለአሜሪካዊ ርካሽና ተሰባሪ ማለት ነበርና፣ ዳንካን ሥዕሉን በትልቁ ታትሞ ባየው ጊዜ ዓይኑን ተጠራጠረ። ከጓደኛው ከሆራስ ብሪስቶል ጋር ወደ ፋብሪካው ሄዶ እነዚያን ሌንሶች ከጀርመኖቹ ጋር ቢያስመዝናቸው፣ የጃፓኖቹ አንሰው አልተገኙም። ኒፖን ኮጋኩ ኒኮር የተባሉትን ሌንሶቹን ለራሱ ካሜራ ብቻ ሳይሆን በላይካ ጥርስም ይሸጥ ስለ ነበር፣ ዳንካን የለመደውን ላይካ መጣል አላስፈለገውም፤ ጀርመኑን አካል ይዞ ዓይኑን ብቻ ጃፓን አደረገው።

ወዲያው ሰኔ ላይ የኮሪያ ጦርነት ተነሣና ዳንካን በዚያው ኒኮር በለበሰ ላይካ ወደ ጦር ግንባር ወረደ። (የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የደረሰው በሚከተለው በ1951 ነውና፣ ከዚያ ዓመት ሥዕሎች ውስጥ የአገራችንን ልጅ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።) በበረዶ ውስጥ ሲያፈገፍጉ ያነሣቸው የአሜሪካ ባሕረኛ ወታደሮች ፊት፣ የጢማቸው በረዶና የዓይናቸው ባዶነት ሳይቀር በላይፍ ገጾች ላይ ሲወጣ ሌሎቹ ፎቶግራፈሮችም ያንኑ ሌንስ ይሻሙ ጀመር፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ኒው ዮርክ ታይምስ ስለ ጃፓን ካሜራና ሌንስ ጻፈ። የጃፓን የሌንስ ንግድ ወደ ዓለም የወጣው በዚህ በር ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም፤ በሩም ላይትስ በ1931 የከፈተው ያው በር ነበረ።

ላይትስ ራሱ ጥርሱን ትቶ ወደ ባዮኔት ያለፈው በ1954 በላይካ ኤም3 ነው። እዚህ ላይ የቬትስላር መሐንዲሶች ያደረጉትን ሳስብ ባርኔጣዬን ባነሣላቸው እወዳለሁ። አዲሱን ርቀት ያደረጉት 27.8 ሚሊሜትር ነው፤ ከቀድሞው ልክ አንዲት ሚሊሜትር የሚያንስ። ይህች አንዲት ሚሊሜትር የድሮውን ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ ለሚያስቀምጥ ቀጭን ቀለበት የተተወች ስፍራ ናት፤ ከ20 ዓመት በላይ ሌንስ ሲገዛ የኖረ ደንበኛ አዲሱን ካሜራ በገዛ ቀን አንድም ሌንስ አልተጣለበትም። ቀለበቱም በሦስት ዓይነት ተሠራ፤ ለ50፣ ለ90 እና ለ135 ሚሊሜትር ሌንስ የሚሆነው የእይታ ክፈፍ በካሜራው መስኮት ውስጥ በየተራው ራሱ እንዲታይ ነው። አዲስ ሲሠራ አሮጌውን አስቦ የሚሠራ ባለ እጅ ከዚህ ወዲያ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

በዚያው ዘመን ካሜራን ሌላ ፈተና አገኘው፤ እርሱም መስተዋት ነው። ባለ ሥዕሉ በሌንሱ በኩል የሚያየውን ያንኑ እንዲያነሣ በፊልሙና በሌንሱ መካከል የሚገላበጥ መስተዋት ተደረገ፤ መስተዋቱም ለመገላበጥ ስፍራ ስለሚሻ ርቀቱ ከ28 ወደ 45 ሚሊሜትር ግድም ረዘመ። በ1949 በድሬስደን የወጣችው ኮንታክስ ኤስ የ42 ሚሊሜትር ጥርስና 45.46 ሚሊሜትር ርቀት ይዛ መጣች፤ ይህ ጥርስ እንደ አንድ ቤት ርስት ሆኖ ስላልተጠበቀ የጃፓኑ ፔንታክስ በ1957 ተቀበለው፣ ኋላም ሩሲያውያኑ ተቀበሉት፤ ዓለም ለሁለት ተከፍላ በኒውክሌር ስትዛዛት የዬና ሌንስ በቶኪዮ ካሜራ ላይ ያለ ፓስፖርት ይገባ ነበር። በዚያው በ1957 ኋላ ታምሮን የተባለው የጃፓን ቤት ለማንኛውም ካሜራ በቀለበት ብቻ የሚለዋወጥ ቲ የተባለ መቀመጫ አወጣ፤ ርቀቱን 55 ሚሊሜትር አድርጎ ከሁሉም አስረዘመው፤ ብልሃቱም ከላይ ያልሁት ሕግ ነው፤ የረዘመ ሌንስ ለሁሉ ይበቃል። ይህ መቀመጫ ዛሬም ካሜራን ከቴሌስኮፕ ጋር ለማገናኘት ያገለግላል። ዛሬ በሚሠራበት መልኩ ስፋቱ እንደ ኮንታክስ ኤስ ጥርስ 42 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት ግን በ1 ሚሊሜትር ፈንታ 0.75 በመሆኑ፣ ሁለቱን ያምታታ ሰው አንድ ዙር ያህል ካስገባ በኋላ ይነክስበታል።

የእኔ ጉድም ከዚሁ ዘመን የመጣ ነው። የክራስኖጎርስክ ሰዎች በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዞርኪ አካል ላይ መስተዋት ጨምረው ዜኒትን ሲሠሩ፣ ጥርሱን እንደ ነበረ 39 ሚሊሜትር ተዉትና ርቀቱን 45.2 አደረጉት፤ ኢንዱስታር-50ንም ለሁለቱም በአንድ ስም፣ በአንድ ጥርስ ሠሩት። እኔ የገዛሁት የዜኒቱን ነበር። ከ45.2 ላይ 28.8 ሲቀነስ የአክስቴ ፊት ይጠፋል።

አሁን ደግሞ ወደ አንድ የተለየ ሰው ልለፍ። የሲኒማ አዘጋጁ ስታንሊ ኩብሪክ የ18ኛውን መቶ ዓመት የመኳንንት ኑሮ የሚያሳየውን ባሪ ሊንደን የተባለ ፊልም ሲያዘጋጅ፣ የሌሊቱ ትዕይንት ያለ ኤሌክትሪክ፣ በሻማ ብርሃን ብቻ ይነሣልኝ አለ። በጧፍ ብርሃን ዳዊት የደገመ አንባቢ ይህ ምን ያህል ብርሃን እንደ ሆነ ያውቃል፤ የዘመኑ ፊልም ግን አያየውም ነበር። ዛይስ በ1966 ለአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ለናሳ የጨረቃን ጀርባ ለማንሣት ይሆናል ብሎ የብርሃን ቍጥሩ 0.7 የሆነ 50 ሚሊሜትር ፕላናር ሌንስ ሠርቶ ነበር፤ የተሠሩት 10 ብቻ ሲሆኑ ኩብሪክ ሦስቱን ገዛ። ችግሩ ይህ ነው፤ የሌንሱ የኋላ ብርጭቆ ከፊልሙ 4 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ርቆ መቀመጥ አለበት፤ የሲኒማ ካሜራ ግን በዚያ ስፍራ የሚሽከረከር መክደኛ አለው።

ኩብሪክ ሚቸል የተባለ ከባድ ካሜራ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ኤድ ዲጁሊዮ ወደሚባል መሐንዲስ ሰደደ። ዲጁሊዮ ሌንሱ እንዲገባ የካሜራው ሆድ መፈልፈል እንዳለበት፣ ከተፈለፈለም በኋላ ካሜራው ሌላ ሌንስ ፈጽሞ እንደማይቀበል አስቀድሞ አስጠነቀቀው፤ ኩብሪክም ይሁን አለ። እስከዚያ ድረስ ሌንስን ለካሜራ ማስማማት ይባል የነበረው እዚህ ተገለበጠና ካሜራው ለሌንሱ ተሠዋ። ሌንሱ ያን ያህል ሰፊ ሲከፈት ጥርት ብሎ የሚታየው ስፋት በጣት የሚለካ ስለ ሆነ፣ ተዋናዩ ጭንቅላቱን ጥቂት ካዘነበለ ይደበዝዛልና፣ የሻማው ትዕይንት ሰዎች ጸጥ ብለው እንደ ሥዕለ ግድግዳ የተቀመጡበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው። ፊልሙ በ1975 ወጣ፤ ያነሣው ጆን አልኮትም በዚያ ሥራ ኦስካር ተሸለመ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት በፍጥነት ልለፋቸው። በ1987 ካኖን ሞተሩን በሌንሱ ውስጥ አድርጎ ምስሉን ራሱ የሚያጠራ አዲስ ካሜራ ሲያወጣ የቀድሞውን 42 ሚሊሜትር ርቀት ወደ 44 አሳደገው፤ ሁለት ሚሊሜትር ስለ ተረፈ፣ ደንበኞቹ ለዓመታት የሰበሰቡት የድሮ ሌንስ ሁሉ በአንድ ቀን ወላጅ አልባ ሆነ፤ ለባለሙያዎች ረጃጅም ሌንሶች ብቻ ተጨማሪ ብርጭቆ ያለው ማጋጠሚያ ተሠራላቸው። የባላጋራው የኒኮን ርቀት ከ1959 ጀምሮ 46.5 ነበረና፣ 2.5 ሚሊሜትር በምትሆን ቀለበት የኒኮን ሌንስ በአዲሱ ካኖን ላይ ይሠራል፤ የካኖን የራሱ አሮጌ ሌንስ ግን አይሠራም። የቬትስላር አንዲት ሚሊሜትር ምን ያህል ዋጋ እንዳላት የታወቀው ያን ጊዜ ነው።

በ2008 ፓናሶኒክና ኦሊምፐስ በፊልም ፈንታ ብርሃኑን በኤሌክትሮኒክ ገጽ የሚቀበለውን ካሜራ መስተዋቱን አወጡለት፤ መስተዋቱ ሲወጣ ርቀቱ ወደ 20 ሚሊሜትር ግድም አጠረ። በ2010 ሶኒ 18 አደረገው፣ በ2018 ኒኮን 16። ርቀቱ እንዲህ ሲያጥር ከ1930 ጀምሮ የተሠራው ሌንስ ሁሉ ረጅሙ ወገን ሆነና፣ ለሁሉም ቱቦ ተገኘለት፤ በየመሳቢያው የተረሱት የካኖን ሌንሶች፣ ዩፒተሮችና ኒኮሮች ከመቃብር ተነሡ፤ ዋጋቸውም አብሮ ተነሣ። በ2013 ሜታቦንስ የተባለ ቤት ብራያን ካልድዌል የቀመረውን ብርጭቆ በቱቦው ውስጥ አግብቶ፣ የትልቁን ሌንስ ምስል በትንሹ ገጽ ላይ 0.71 አሳንሶ የሚያሳርፍ ማጋጠሚያ ሸጠ፤ የሚሰበሰበው ብርሃንም እጥፍ ሆነ። ከዚያ በፊት ብርጭቆ ያለበት ማጋጠሚያ አብዛኛውን ጊዜ ከሌንሱ ይቀንስ ነበር እንጂ አይጨምርለትም ነበር።

ኢንዱስታሬን ያን ሁሉ ዘመን አልጣልሁትም ነበርና፣ የሶኒ ካሜራ የያዝሁ ጊዜ ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ወሰድሁት። ባለሙያው ወጣት ነበር፤ ሌንሱን ገለባብጦ አየና፣ «ጋሼ፣ ጥርሱን እኔ አወጣዋለሁ፤ ልኩን ብቻ ይንገሩኝ» አለኝ። 27.2 ሚሊሜትር አልሁት። ከአሉሚኒየም ቈርጦ ከሰዓት በኋላ አስረከበኝ። የመጀመሪያውን ሥዕል አክስቴን በደጃቸው አስቀምጬ አነሣሁ፤ የነጠላቸው ጥለት ክር በክር ይቈጠራል። አጎቴ ከዚያ አስቀድመው ዐርፈዋል።